አንድ አርማ፣ ሁለት ዕጣ፦ ወረርሽኙ ሊቨርፑልን የፈተነበት ዓመት

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። በዚያ ቀን የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር በአገሪቱ የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መገኘቱን አስታወቀ። በዚያው ቀን የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ውድድሩን አቋረጠ። የእንግሊዝ ኳስ ከዕለት ኑሮ ጋር በተቆራኘበት አገር ሰው ሁለቱን ወሬ በአንድ ትንፋሽ ሰማ ማለት ይቻላል። አንዱ ወሬ እጃችሁን ታጠቡ ይላል፤ ሌላው ነገ ኳስ የለም ይላል።

ሊጉ ሲቆም ሊቨርፑል 29 ጨዋታ አድርጎ 27ቱን አሸንፏል፤ በአንዱ አቻ ወጥቷል፤ በአንዱ ብቻ ተሸንፏል። በ82 ነጥብ ሰንጠረዡን ይመራል። ሁለተኛው ማንቸስተር ሲቲ አንድ ተስተካካይ ጨዋታ እየቀረው በ25 ነጥብ ይርቃል። ክለቡ የሊግ ዋንጫ ካነሳ 30 ዓመት ሆኖታል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 97 ነጥብ ሰብስቦ በአንድ ነጥብ ተበልጦ ዋንጫውን አጥቷል። አሁን የቀረው ሁለት ድል ብቻ ነው። ዓለም የቆመው ልክ እዚህ ላይ ሲደርስ ነው።

የቀረውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሊጉ ከሦስት ወር በኋላ ቀጠለ፤ ሊቨርፑል ሻምፒዮን ሆነ፤ ዋንጫውም ባዶ ስታዲየም ውስጥ ተነሳ። በወቅቱ የተጻፈውና እስከ ዛሬ የሚወራው ይኸው ነው። ብዙም የማይወራው ሌላ ነገር አለ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ወረርሽኝ፣ ያንኑ ቀይ ማሊያና ያንኑ አርማ የለበሰ ሌላ የሊቨርፑል ቡድን ነበር። የዚያ ቡድን ውድድር ግን አልቀጠለም። በካልኩሌተር ተሰልቶ ወደ ታችኛው ሊግ እንዲወርድ ተደረገ። እሱም የሊቨርፑል የሴቶች ቡድን ነው።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል። በወረርሽኙ ዓመት የአንድን ቡድን ዕጣ የወሰነው ሜዳው ብቻ አልነበረም፤ ቫይረሱም ብቻ አልነበረም። ወሳኙ ጥያቄ ውድድሩ ሲቆም የስንት ሰው ገንዘብ አብሮ ይቆማል የሚለው ነበር። ብዙ ገንዘብ የታሰረበት ውድድር መንገድ ተፈልጎለት ተጠናቀቀ። ገንዘብ ያልታሰረበት በስብሰባ ተዘጋ። ኋላ የተደረደረው ምክንያት ሁሉ በዚህ ሐቅ ላይ የለበሰ ካባ ነው።

የመጨረሻው ሙሉ ስታዲየም

ታሪኩ ከሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይጀምራል። መጋቢት 2 ቀን የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ሆኗል ብሎ አወጀ። በዚያው ምሽት በአንፊልድ ስታዲየም ሊቨርፑል ከአትሌቲኮ ማድሪድ ጋር በሻምፒዮንስ ሊግ ተጫወተ። 52 ሺህ 267 ሰው ገባ። ከእነዚህ ውስጥ 3 ሺህ ያህሉ ከማድሪድ የመጡ ናቸው። በማድሪድ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ የስፔን ሊግም ጨዋታዎቹ ያለ ተመልካች እንዲካሄዱ ወስኖ ነበር። አንድ የማድሪድ ነዋሪ በከተማው ስታዲየም ገብቶ ኳስ እንዳያይ ተከልክሎ ሳለ አውሮፕላን ተሳፍሮ ሊቨርፑል ላይ ከ50 ሺህ ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ ማየት ይችል ነበር ማለት ነው።

ሊቨርፑል 3 ለ 2 ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ። የዚያ ምሽት ትልቁ ኪሳራ ግን ይህ አልነበረም። ኤጅ ሄልዝ የተባለ የጤና መረጃ ተንታኝ ተቋም በኋላ ባወጣው ግምት 41 ተጨማሪ ሞት ከዚያ ጨዋታ ጋር ሊያያዝ ይችላል አለ። ግምት ግምት ነው። ሆኖም ጨዋታው መደረግ አልነበረበትም የሚለውን ዛሬ የሚከራከር ሰው ማግኘት ይከብዳል።

አሰልጣኙ የርገን ክሎፕ በዚያ ምሽት ወደ ሜዳ ሲገባ እጃቸውን ዘርግተው ሊጨብጡት የሞከሩ ደጋፊዎችን በቁጣ ሲገስጽ በካሜራ ታይቷል። ከዚያ ቀደም ብሎም ስለ ቫይረሱ ሲጠየቅ የእግር ኳስ አሰልጣኝ አስተያየት ለዚህ ጉዳይ ምንም ዋጋ እንደሌለው፣ መናገር ያለባቸው ባለሙያዎች እንደሆኑ መልሶ ነበር። የሚገርመው መንግሥትም፣ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበርም፣ ሊጉም ዝም ባሉበት ሰዓት አደጋው የታየው ለአሰልጣኙ መሆኑ ነው። ፕሪሚየር ሊጉ የቆመው በማግስቱ ማታ የአርሰናሉ አሰልጣኝ ሚኬል አርቴታ በቫይረሱ መያዙ ሲታወቅ ነው። በሽታው ወደ ራሳቸው ቤት ሲገባ በሩን ዘጉት።

"ይሰረዝ" እና "ይቀጥል"

ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ። የዌስትሃም ምክትል ሊቀመንበር ካረን ብሬዲ በጋዜጣ ዓምዷ ላይ የውድድር ዓመቱ እንዳልነበረ ሆኖ ይሰረዝ የሚል ሐሳብ አነሳች። የሊቨርፑል ደጋፊ በንዴት ተነሳ። 25 ነጥብ የቀደመ ቡድን እንዴት ተብሎ ነው ድካሙ የሚሰረዘው?

ሐሳቡ ግን ባዶ ማስፈራሪያ አልነበረም። ኔዘርላንድስ ሊጓን ያለ ሻምፒዮን ዘጋች፤ አያክስና አልክማር እኩል 56 ነጥብ ይዘው እዚያው ቀሩ። ፈረንሳይ ሊጓን አቁማ በአማካይ ነጥብ ፓሪ ሳን ዠርማን ሻምፒዮን ነው አለች። እዚያው እንግሊዝ ውስጥም መጋቢት 17 ቀን በታችኞቹ ሊጎች የዓመቱ ውጤት በሙሉ እንዲፋቅ ተወሰነ። በዚያ ውሳኔ ጀርሲ ቡልስ የተባለ አዲስ ክለብ 27 የሊግ ጨዋታ አድርጎ 27ቱንም ካሸነፈ በኋላ ዓመቱ እንደ ጠመኔ ጽሑፍ ተጠረገበት። ሳውዝ ሺልድስም ሊጉን በ12 ነጥብ ልዩነት እየመራ ማደጉን ተነጠቀ። 27 ለ 27 ያሸነፈ ቡድን ሲሰረዝ ያላለቀሰ እግር ኳስ፣ ለሊቨርፑል ሲሆን ፍትሕ ፍትሕ እያለ ጮኸ።

ፕሪሚየር ሊጉ ለምን አልተሰረዘም? ብዙ የሚያምር ምላሽ ተሰጥቷል። ለሕዝቡ ሞራል ተባለ፤ ለስፖርቱ ክብር ተባለ። ዋናው ምክንያት ግን የቴሌቪዥን ውል ነበር። ቀሪዎቹ 92 ጨዋታዎች ባይደረጉ ክለቦቹ ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚመልሱትንና የሚያጡትን ጨምሮ ከ700 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ኪሳራ እንደሚደርስባቸው በወቅቱ ተገምቶ ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ መንገድ አይጠፋም። ተጫዋቹ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመረመራል፤ ኳሱ በፀረ ተሕዋስያን ይጸዳል፤ ስታዲየሙ በክልል ይከፋፈላል። ሰኔ 10 ቀን ሊጉ ተጀመረ።

ገንዘብ ስለገባበት ብቻ ነገሩ ኃጢአት ነው ማለት አይደለም። ሊጉ መቀጠሉ ትክክል ነበር። ቤቱ ተዘግቶበት ለተቀመጠ ሕዝብም፣ ለክለብ ሠራተኞች ደመወዝም ጠቅሟል። ነጥቡ ሌላ ነው። "አይቻልም" የተባለው ነገር ገንዘብ ሲኖር ይቻላል። ስለዚህ ለሌላው "አይቻልም" ሲባል ትርጉሙ "አያዋጣም" ማለት ነው።

ክለቡ የማን ነው?

ሊጉ ቆሞ በነበረበት ጊዜ ሊቨርፑል አንድ ትልቅ ስሕተት ሠራ። መጋቢት 26 ቀን ከተጫዋች ውጪ ያሉ 200 ያህል ሠራተኞቹን መንግሥት ለወረርሽኙ ባቋቋመው የደመወዝ ድጎማ ሥር እንደሚያስገባ አስታወቀ። ድጎማው ሥራቸው ለቆመባቸው ሰዎች በወር እስከ 2 ሺህ 500 ፓውንድ ድረስ 80 በመቶ ደመወዛቸውን ከሕዝብ ካዝና የሚከፍል ነው። ቀሪውን 20 በመቶ ክለቡ ይጨምራል። ሠራተኛው አንድ ፓውንድ አይጎድልበትም። በወረቀት ላይ ማንም አይጎዳም።

ደጋፊው ግን ሒሳቡን በሌላ በኩል አየው። ያ ክለብ ወር ከምናምን በፊት ባወጣው ሪፖርት 533 ሚሊዮን ፓውንድ ገቢና ከግብር በፊት 42 ሚሊዮን ፓውንድ ትርፍ አስመዝግቧል። ድጎማው የታሰበው በሩን ሊዘጋ ለደረሰ ምግብ ቤትና ሱቅ ነው። በትርፍ የሚንበሸበሽ ክለብ ሆስፒታሎች በተጨነቁበት ሰዓት ከሕዝብ ካዝና ሊወስድ እጁን ሲዘረጋ ከተማው አፈረ። ስፒሪት ኦፍ ሻንክሊ የተባለው የደጋፊዎች ማኅበር ማብራሪያ ጠየቀ። ጄሚ ካራገርን የመሳሰሉ የቀድሞ ተጫዋቾች በአደባባይ ወቀሱ። ሁለት ቀን አልፎ መጋቢት 28 ላይ ክለቡ ውሳኔውን ሰርዞ በዋና ሥራ አስፈጻሚው በፒተር ሙር ስም ይቅርታ ጠየቀ።

ይህ የዓመቱ ትልቅ ድል ነው፤ ምናልባትም ከዋንጫው ይበልጣል። ስታዲየም መግባት የተከለከለ፣ ትኬት የማይገዛ፣ ቤቱ የተቀመጠ ደጋፊ ውቅያኖስ ማዶ ያለ ባለሀብት ያጸደቀውን ውሳኔ በ48 ሰዓት አስቀለበሰ። ከአንድ ዓመት በኋላ የአውሮፓ ሱፐር ሊግ የተባለው ሐሳብ ሲመጣም ያው ደጋፊ ያንኑ አደረገ፤ የክለቡ ባለቤት ጆን ሄንሪ በቪዲዮ ቀርቦ ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደደ።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ኃይል ያለው ደጋፊ ለሴቶቹ ቡድን ለምን አልጮኸም?

በካልኩሌተር የወረደው ቡድን

እውነቱን ለመናገር የሊቨርፑል የሴቶች ቡድን በዚያ ዓመት ደካማ ነበር። 14 ጨዋታ አድርጎ ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው። በሦስት አቻ ወጥቶ፣ በአሥር ተሸንፎ፣ 6 ነጥብ ይዞ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። ከእሱ በላይ ያለው በርሚንግሃም ሲቲ በ13 ጨዋታ 7 ነጥብ ነበረው። ልዩነቱ አንድ ነጥብ ነው። ሊቨርፑል ስምንት ጨዋታ ይቀረዋል፤ ማለትም 24 ነጥብ ገና ሜዳ ላይ አለ።

ያ 24 ነጥብ አልተጫወተም። ግንቦት 17 ቀን የሴቶቹ ሱፐር ሊግ እንዲቋረጥ ተወሰነ። ግንቦት 28 ቀን የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ደረጃው በአማካይ ነጥብ እንደሚለይ አስታወቀ። እያንዳንዱ ቡድን ያገኘው ነጥብ ለተጫወተው ጨዋታ ብዛት ይካፈላል። ሊቨርፑል 0.43፤ በርሚንግሃም 0.54። ሊቨርፑል ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 በተከታታይ የእንግሊዝ ሻምፒዮን የነበረ ቡድን የወረደው በአንድ ነጥብ ክፍልፋይ ነው። ያው ስሌት ዋንጫውንም ከመሪው ማንቸስተር ሲቲ ወስዶ አንድ ተስተካካይ ጨዋታ ለሚቀረው ለቼልሲ ሰጠ።

ቀኖቹን ማነጻጸር ያስፈልጋል። የሴቶቹ ዕጣ በወረቀት የተወሰነው ግንቦት 28 ነው። የወንዶቹ ሊግ የተጀመረው ሰኔ 10 ነው። በመካከላቸው ሁለት ሳምንት እንኳ የለም። ቫይረሱ ያው ነው፤ አገሩ ያው ነው፤ ክለቡም ያው ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ 20 የወንድ ቡድኖችን ማጫወት ካልከበደ 12 የሴት ቡድኖችን ማጫወት ለምን ከበደ?

የማኅበሩ መልስ ተራ ሰበብ ብቻ አይደለም። የሴቶቹ ክለቦች ራሳቸው በብዛት መቋረጡን ደግፈዋል። ምርመራው፣ ሆቴሉ፣ የሕክምና ባለሙያው ሁሉ ወጪ ነው፤ ወጪውን የሚሸፍን የቴሌቪዥን ገቢ በዚያን ጊዜ አልነበራቸውም። አንዳንዶቹ ቡድኖች ቢገደዱ ይፈርሱ ነበር የሚለው ስጋትም ከንቱ አይደለም። ይህን መካድ አይገባም።

ሆኖም ይህ መልስ ለሊቨርፑል አይሠራም። ለሊቨርፑል የሴቶች ቡድን የምርመራ ወጪ ማለት የወንዶቹ ቡድን አንድ ኮከብ ተጫዋች በጥቂት ሳምንት የሚያገኘው ደመወዝ ነው። ቼልሲ፣ አርሰናል፣ ሁለቱ የማንቸስተር ክለቦች፣ ቶተንሃም፣ ኤቨርተን፣ ሁሉም በሊጉ ነበሩ። ሀብታሞቹ ተባብረው ለድሆቹ ቡድኖች ወጪውን መሸፈን ይችሉ ነበር። ችግሩ የአቅም ሳይሆን የፍላጎት ነው። ሴቶቹ የቤቱን ስም ይጠሩ ነበር፤ የቤቱን እንጀራ ሲካፈሉ ግን የእንጀራ ልጆች ነበሩ።

ሌላ ማስረጃ ካስፈለገም አለ። በኅዳር 2013 የክለቡ ወንዶች 50 ሚሊዮን ፓውንድ ወደወጣበት አዲስ የኪርክቢ የልምምድ ማዕከል ገቡ። ሴቶቹ አብረው አልገቡም። እነሱ የሌላ ክለብ የልምምድ ሜዳ ተከራይተው ቀሩ። የራሳቸው የልምምድ ቦታ ያገኙት ክለቡ እ.ኤ.አ. በ2023 ሸጦት የነበረውን የሜልዉድ ማዕከል መልሶ ሲገዛ ነው።

ወንዙን ተሻግሮ ያለው ጎረቤት

ሴቶቹ በዚያ ጊዜ የሚጫወቱት በአንፊልድ አልነበረም። ከመርሲ ወንዝ ማዶ በበርከንሄድ ከተማ በሚገኘው ፕሬንተን ፓርክ ነበር። የስታዲየሙ ባለቤት ትራንሜር ሮቨርስ ይባላል፤ በዚያ ጊዜ በወንዶች ሦስተኛ እርከን ሊግ ዋን ይጫወት የነበረ ትንሽ ክለብ ነው። የእሱም ታሪክ እዚሁ ላይ ይገባል።

ሊጉ ሲቆም ትራንሜር በወራጅ ቀጠና ነበር፤ ነገር ግን ሦስት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ እየተነሳ ነበር። ከእሱ በላይ ካለው ከዊምብልደን የሚለየው ሦስት ነጥብ ነው፤ ያውም አንድ ተስተካካይ ጨዋታ በእጁ እያለ። አሥር ጨዋታ ይቀረዋል። ሰኔ 2 ቀን የሊጉ ክለቦች ድምፅ ሰጥተው ዓመቱን በአማካይ ነጥብ ዘጉት። ትራንሜርም ወረደ። ሊቀመንበሩ ማርክ ፓሊዮስ፣ የቀድሞ ተጫዋችና የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት፣ ስሌቱ የስሕተት ህዳግ እንዲጨመርበት ሐሳብ አቅርበው ነበር። ሰሚ አላገኙም።

አስገራሚው ነገር ከዚህ በኋላ ነው። ያ "መጫወት አይቻልም" የተባለበት ሊግ ለማደግ የሚደረገውን የጥሎ ማለፍ ጨዋታ አካሄደ። አራት ክለቦች ተመርምረው ተጫወቱ፤ ፍጻሜው በዌምብሌይ ስታዲየም ተደረገ። ውድድሩ ሲቆም ስምንተኛ የነበረው ዊኮምብ በአማካይ ስሌት ሦስተኛ ሆኖ ጥሎ ማለፉ ውስጥ ገባ፤ አሸንፎም አደገ። ለማደግ ሜዳ ተገኘ፤ ላለመውረድ ግን አልተገኘም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለማደግ የሚደረግ ጨዋታ ይሸጣል፤ ላለመውረድ የሚደረግ ትግል ብዙ አይሸጥም።

ስለዚህ በአንድ ስታዲየም የሚጫወቱ ሁለት ቡድኖች በአንድ ሳምንት ልዩነት፣ አንድም ኳስ ሳይመታ፣ ወረዱ። ሰኔ 18 ቀን ደግሞ ቼልሲ ማንቸስተር ሲቲን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ከወንዙ ማዶ ያለው ከተማ በርችት ደመቀ። ሊቨርፑል ሰባት ጨዋታ እየቀረው ሻምፒዮን ሆነ። ሕዝቡ ርቀት ጠብቁ የሚለውን መመሪያ ትቶ ወደ አንፊልድ፣ በማግስቱም ወደ ወደቡ ጎረፈ። ሐምሌ 15 ቀን ቼልሲን 5 ለ 3 ካሸነፈ በኋላ ሰው በሌለበት በኮፕ መቀመጫ ላይ ዋንጫው ተነሳ። ዓመቱ በ99 ነጥብ ተዘጋ።

ያ ዋንጫ የተገባ ነው። ማንም አይነጥቀውም። የሊቨርፑል ወንዶች ቡድን ከዚያ ዓመት ሌሎች ቡድኖች ሁሉ የተሻለ ነበር። ነገር ግን ፍትሕ ያገኘው ስለተሻለ ብቻ አይደለም። ጀርሲ ቡልስም በሊጉ የተሻለ ነበር። ልዩነቱ ሊቨርፑልን ፍትሕ መንፈግ ብዙ ሚሊዮን ፓውንድ ማስወጣቱ ነው።

ለኢትዮጵያ ምን ይላታል?

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግም በመጋቢት 2012 ቆመ፤ በሚያዝያ መጨረሻም ዓመቱ ተሰረዘ። ሻምፒዮን የለም፤ ወራጅም የለም ተባለ። በወቅቱ መሪ የነበሩት ክለቦች ተቆጡ፤ ታች የነበሩት እፎይ አሉ። ከእንግሊዝ ጋር ሲተያይ ውሳኔው አንድ መልካም ጎን ነበረው፤ ማንንም ባልተጫወተ ጨዋታ አላወረደም። ድክመቱም ያው ነው። አስቀድሞ የታወቀ መመዘኛ ስላልነበረ ውሳኔው የሕግ ሳይሆን የስብሰባ ውጤት ሆነ።

በተከታዩ ዓመት በታኅሣሥ 2013 ሊጉ ሲመለስ ምን ይዞ ተመለሰ? የዲኤስቲቪን ካሜራ ይዞ ነው። ክለቦቹ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሀዋሳ እየተሰባሰቡ ተጫወቱ። ወረርሽኙ ያን ጊዜም አልጠፋም ነበር። የቴሌቪዥን ገንዘብ ሲመጣ ግን የማይቻለው ተቻለ። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ፋሲል ከነማም በዚያ ዓመት የመጀመሪያ ዋንጫውን በሜዳ አገኘ። ግን ልክ እንደ እንግሊዝ ካሜራው ወደማይዞርበት ማን ያያል የሚለው ጥያቄ አብሮ መጣ። ሀዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማና ድሬዳዋ ከተማ በአንድ ስም የወንድም የሴትም ቡድን አላቸው። ነገ ሌላ ችግር ቢመጣና ክለቡ ሁለቱንም ማስኬድ ባይችል መጀመሪያ የሚታጠፈው የትኛው እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ችግር ደግሞ በወረርሽኝ መልክ ብቻ አይመጣም። ወረርሽኙ ገና ሳያልፍ ጦርነት ተነሳ፤ የ2011 ሻምፒዮን መቐለ 70 እንደርታን ጨምሮ የትግራይ ክለቦች ከሊጉ ውጪ ሆኑ። ሲመለሱ በምን ደረጃ ይመለሱ የሚለው ጥያቄም መልስ የተፈለገለት ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

መፍትሔው ብዙ ምርምር አይጠይቅም። አንደኛ፣ ውድድር በመሃል ቢቋረጥ ደረጃው በምን እንደሚለይ የውድድር ዓመቱ ሳይጀመር በደንብ ውስጥ ይጻፍ። ማን መሪ፣ ማን ወራጅ እንደሚሆን ገና ሳይታወቅ የተጻፈ ደንብ ማንንም አይጠረጥርም። አንዴ ሰንጠረዥ ከታየ በኋላ የሚሰጥ ድምፅ ግን የራስን ጥቅም መምረጥ ነው፤ በእንግሊዝ ሊግ ዋን የታየው ይኸው ነው። ሁለተኛ፣ ደንቡ ለላይኛውም ለታችኛውም፣ ለወንዱም ለሴቱም አንድ ይሁን። መውረድ በሜዳ ካልተወሰነ ማደግም በሜዳ አይወሰን፤ ወይም ሁለቱም ይጫወቱ። ሦስተኛ፣ አንድ አርማ የለበሱ ቡድኖች የአንድ ክለብ ልጆች ናቸው። ክለቡ በአንደኛው ቡድን የሚያገኘው ገቢ በክፉ ቀን ሌላኛውን የመታደግ ግዴታ በፈቃድ መስፈርት ውስጥ ይግባ።

ከሁሉ በላይ ግን ደጋፊው ነው። ሊቨርፑል ላይ በሁለት ቀን ውሳኔ ያስቀለበሰው ሕግ አልነበረም፤ ያፈረ ደጋፊ ነበር። ያ ደጋፊ ለ200 ሠራተኞች ጮኾ አዳናቸው። ለሴቶቹ ቡድን በዚያ ልክ አልጮኸም፤ ቡድኑም ወረደ። የሴቶቹ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 የሁለተኛውን ሊግ ዋንጫ አንስቶ በራሱ ጉልበት ተመለሰ፤ በተመለሰበት የመጀመሪያ ጨዋታም ሻምፒዮኗን ቼልሲን 2 ለ 1 አሸነፈ። ትራንሜር ግን እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ ከወረደበት ሊግ አልወጣም። አሥሩ ያልተጫወቱ ጨዋታዎች ውጤታቸው ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ማንም አያውቅም፤ ዋጋቸውን ግን ክለቡ ዛሬም እየከፈለ ነው።

ሰው ስለዚያ ዓመት ሲያወራ ባዶ ስታዲየም ውስጥ የተነሳውን ዋንጫ ያነሳል። ቢያነሳም ልክ ነው። ያንኑ አርማ ለብሰው፣ ስምንት ጨዋታ እየቀራቸው፣ ቤታቸው ተቀምጠው መውረዳቸውን በመግለጫ የሰሙ ተጫዋቾችም እንደነበሩ ግን አብሮ ማንሳት ይገባል።